አሮጌዎቹ አውሮፕላኖች የመጡ ዕለት

ከጦርነቱ በኋላ ካርቱም፣ ጀብራ ሰፈር ወዳለው ቤቴ ስመለስ ሌቦቹ የመብራት ሽቦውን ሳይቀር ከግድግዳው መዝዘው ወስደውታል። በሩን ነቅለዋል፣ የውሃ ታንከሩን አውርደዋል፣ የሽንት ቤቱን መቀመጫ እንኳ አልማሩም። የተዉልኝ ነገር ቢኖር የእናቴን ሰማያዊ ሻርፕ ነው። መሬት ላይ ወድቆ፣ ጫማ ረግጦት፣ ከአቧራው ጋር አንድ ሆኖ አገኘሁት። ማን ይፈልገዋል? አንስቼ አራገፍኩት። አቧራው አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ ልጅ ሆኜ ያየሁት አንድ ዓርብ ትዝ አለኝ። አላለቀስኩም። ለልቅሶ የሚሆነው ጊዜ አልፏል።

እኩዮቼ ሀቡብን ታውቁታላችሁ። ለማያውቅ ልንገረው፤ ሰማይ የሚያክል የአቧራ ግድግዳ ነው። ከመምጣቱ በፊት ነፋሱ ቀጥ ይላል፣ ወፉ ሁሉ ይጠፋል፣ ዝናብ የነካው አፈር ይሸታል። ከዚያ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። እናቴ ዐማራት በሚባለው የካርቱም ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራ ስለነበር ሀቡብ ለእሷ ሥራ ነበር። መስኮት ትዘጋለች፣ በየበሩ ሥር እርጥብ ጨርቅ ትጎዘጉዛለች፣ ጣሪያ ላይ የተሰጣውን ልብስ ታወርዳለች፤ ሲያልፍ ደግሞ ቤቱን እንደገና ታጥባለች። እኔና እሷ የምንኖረው ከጓሮ ባለችው የሠራተኛ ክፍል ነበር።

እናቴ ከወሎ ተነስታ ሱዳን የገባችው በእግሯ ነው። ድንበሩን ካለፉ በኋላ ሜዳ ላይ አቧራ ያዛቸው። አብረዋት ከነበሩት ሴቶች የሮጡት እዚያው ጠፍተው ቀሩ፤ የተቀመጠችው እሷ ተረፈች። ስለዚህ ሌላው ልጅ ፊደል ሲቆጥር እኔ የቆጠርኩት ይህን ነው፤ አቧራ ሲመጣ ቁጭ በል፣ ራስህን ሸፍን፣ ካለህበት አትነቃነቅ፣ የሚፈልግህ ሰው ያለህበት ድረስ ይመጣል። ግቢው ውስጥ እየተጫወትን ሳይቀር ታስጠናኝ ነበር። አቧራ መጣ ስትለኝ ቁጭ እላለሁ። እሷም ትስቅና ታነሳኛለች።

አባቴ ዑስማን ይባላል። ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው የመሀል ከተማ ገበያ የሚነሳ ሀፍላ፣ ያው የከተማ አውቶቡስ፣ ይነዳ ነበር። ኦምዱርማን ሚስትና ልጆች ነበሩት። እናቴን በኒካ ቢያገባትም ለዘመዶቹ ትንፍሽ አላለም። ሲመቸው ብቅ ይላል፤ ስኳር ይዞ ይመጣል፣ ሻዩን ይጠጣል፣ ይሄዳል።

ለትምህርት ስደርስ እናቴ እጄን ይዛ ትምህርት ቤት ወሰደችኝ። ዳይሬክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አባቱ ራሱ ይምጣና ልጄ ነው ይበል፣ ያለዚያ መመዝገብ አልችልም አላት። ለአባቴ ስትነግረው ኢንሻላህ አለ። ሌላ ጊዜ ሲመጣም ኢንሻላህ አለ። ምዝገባው ሊዘጋ ነው ብላ ስትለምነውም ኢንሻላህ አለ። ቃሉ ጥሩ ቃል ነው። ከእሱ አፍ ሲወጣ ግን እምቢ ማለት ነበር።

በዚያው ሰሞን ኸዋጃዎች፣ ያው ነጮቹ፣ የድሮ አውሮፕላኖች እያበረሩ አፍሪካን ሲያቋርጡ ካርቱም ያርፋሉ፣ ዓርብ ዕለት ለሕዝቡ ትርኢት ያሳያሉ ተባለ። አባቴ የሞተር ነገር ይወዳል። እናቴ ይህን ታውቃለችና፣ ልጁን ይዘኸው ሂድ፣ አውሮፕላን አይቶ አያውቅም አለችው። ውሸቷን ነው። ቤታችን ኤርፖርቱ አፍንጫ ሥር ነበር፤ እኔ አውሮፕላን የማላይበት ቀን አልነበረም። ሐሳቧ ሌላ ነው። አንድ ቀን አብሮኝ ቢውል ልቡ ይራራል፣ እሁድ ጧት፣ እዚያ የሥራ ቀን ነው፣ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ቃሉን ይሰጥልኛል ብላ ነው። እሺ አለ። ጀለቢያዬን አጥባ ተኮሰችልኝ፣ ፀጉሬን ቅባት ቀባችኝ፣ ለፀሐዩ ብላ ይህንኑ ሻርፕ አንገቴ ላይ ጠመጠመችልኝ። እንዳላስቸግረው አስጠነቀቀችኝ። የትምህርቱ ነገር ገብቶኝ ሳይሆን እሷ እንደዚያ ሽር ጉድ ስትል አይቼ፣ ነገሩ ትልቅ መሆኑ ገባኝ።

በኤርፖርቱ አጥር ሥር የካርቱም ሰው ሁሉ የወጣ ይመስል ነበር። ኦቾሎኒ የሚሸጡ፣ በረዶ የገባበት ሎሚ የሚሸጡ፣ ልጆቻቸውን መኪና ጣሪያ ላይ የሰቀሉ። ቤንዚን ይሸታል፣ ሣር ይሸታል። አባቴ ናፍጣና ትምባሆ ይሸታል፤ ያን ሽታ እወደው ነበር። ሦስት ሾፌር ጓደኞቹ ቀድመውን ደርሰዋል። አንደኛው፣ ወፍራሙ፣ ጥርሱን በስንጥር እየጎረጎረ አየኝና፣

«ዑስማን፣ ይሄ ትንሽ ሐበሻ የማን ነው?» አለው።

አባቴ አጥሩን አየ፣ እኔን አየ።

«የእኔ ነው» አለ። «ልጄ ነው።»

ይህን ሲል ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው። አንስቶ ትከሻው ላይ አስቀመጠኝ። ወፍራሙ ሰውዬ ሳቀና ኦቾሎኒ በእፍኙ ሰጠኝ። እኔ ግን ኦቾሎኒው አልታየኝም። ዳይሬክተሩ ፊት ቆሞ እንዲሁ ሲል ነበር የሚታየኝ።

አውሮፕላኖቹ የሚያስቁ ነበሩ። የፊተኛው ቢጫ ነው፤ ክንፉ ሁለት፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተደረበ፤ አብራሪው እንደ አህያ ጋሪ ነጂ ራሱን ውጭ አድርጎ የተቀመጠ። ሲነሳ ሞተሩ እንደ አባቴ ሀፍላ አስነጠሰ። አባቴ ቁርጭምጭሚቴን ይዞ፣ ስማው፣ አንዱ ሲሊንደር እየሳተ ነው፣ ግን ይበራል፣ የድሮ ብረት እንዲህ ነው እያለ ያስረዳኝ ነበር። ቢጫው ተነሳ፣ ከበላያችን ዞረ፣ አንድ ጎኑን አዘነበለና አብራሪው እጁን አውለበለበ። ሰዉ ጮኸ። እኔም ጮህኩ።

ከዚያ ነፋሱ ቀጥ አለ። የእርጥብ አፈሩ ሽታ ከሰዎቹ ቀድሞ የደረሰው እኔ ጋ ነው። የድምፅ ማጉያው ዐረፍተ ነገር ሳይጨርስ ዝም አለ፣ ቢጫው አውሮፕላን ተጣድፎ ወረደ፣ ሰዎች ሮጠው ክንፎቹን በገመድ ማሰር ጀመሩ። ዞር ስንል ግድግዳው ከከተማው ጫፍ ተነስቶ ወደ እኛ እየመጣ ነው። አባቴ መሬት አወረደኝና፣ ያላ፣ ተከተለኝ ብሎ ወደ ሀፍላው ሮጠ።

እኔ ቁጭ አልኩ።

ሻርፑን ራሴ ላይ አደረግኩ፣ ጉልበቴን አቀፍኩ። ብዙ እግር በላዬ ዘለለ። አሸዋው ጀርባዬን ይገርፈኛል። አባቴ ከወዲያ «ያሲን፣ ና» ሲል ሰማሁት። ደግሞ ራቅ ብሎ «ያሲን፣ ና» አለ። ሰምቼዋለሁ። አልተነሳሁም። ስለ አቧራ ከእሱ ይልቅ እናቴ ታውቃለች። የሚፈልግህ ሰው ያለህበት ድረስ ይመጣል ብላኛለች።

አቧራው ሳሳ ሲል እዚያው ያወረደኝ ቦታ ላይ አገኘኝ። ፊቱ የጭቃ ግድግዳ መስሏል፣ ዓይኑ ቀልቷል፣ አንድ እግሩ ላይ ጫማ የለም። ጓደኞቹ ከኋላው ናቸው። ሁሉም ሲፈልጉኝ ነው የቆዩት። ወፍራሙ ሰውዬ ሳቁ ሊገድለው ደረሰ።

«ልጅህ እንደ ግመል ተንበርክኮ ነው የጠበቀህ።»

ሌላው ደግሞ፣ «ምን ያድርግ፣ ሐበሻ ነዋ፣ ዐረብኛው አልገባው ይሆናል» አለ።

አባቴ አልሳቀም። አልተቆጣም፣ እጁንም አላነሳብኝም። ጓደኞቹን አየ፣ ከዚያ እኔን አየ።

«ና ስለው የማይመጣ ልጅ የእኔ አይደለም» አለ።

ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደ። እናቴ እርጥብ ጨርቅ እንደያዘች በሩን ከፈተች። ልጅሽን ተረከቢ አላትና የሆነውን በሁለት ቃል ነግሯት ሄደ። እስኪርቅ አየችው። ከዚያ ተንበረከከችና ሻርፑን ከአንገቴ ፈታች።

«ተቀምጠህ ነበር?»

«አዎ።»

«ራስህን ሸፍነህ?»

«አዎ።»

«ጎበዝ» አለችኝ። ዓይኔን በእርጥቡ ጨርቅ ጠረገችልኝ።

እሁድ መጣ፣ ሄደ። ምዝገባው ተዘጋ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ለሰው ሁሉ ስትናገር የኖረችው፣ ሀቡብ ባይመጣ ኖሮ ልጄ ይማር ነበር እያለች ነው። እኔ ግን አቧራውን አልወቅስም። አቧራው ልጄ አይደለም አላለኝም።

ሱቅ ዐረቢ ውሃ እየሸጥኩ አደግኩ፤ ኋላ ጎማ ጠጋኝ ሆንኩ። ውሃ በምሸጥበት ጊዜ አንዳንዴ የአባቴ ሀፍላ ፊት ለፊቴ ይቆም ነበር። ውሃ ይገዛኛል፣ ሹክረን ብሎ ያመሰግነኛል፣ ይሄዳል። እኔም አፍዋን፣ ምንም አይደል፣ እላለሁ። በዚህ ላይ የምጨምረው የለኝም። ማንበብና መጻፍ የቻልኩት ጢሜ ከበቀለ ብዙ ቆይቶ ነው፤ ጀብራ ያለ አንድ የወሎ ልብስ ሰፊ፣ ከስፌት መኪናው አጠገብ አስቀምጦ ፊደል አስቆጠረኝ። ለምን በዐረብኛ አልጻፍክም ይሉኛል። ልብስ ሰፊው አባትህ ማነው ብሎ ስላልጠየቀኝ ነው።

ያኔ ለአውሮፕላን ስንል ወደ አጥሩ ሮጥን፣ ከአቧራ ሸሸን። በጦርነቱ ጊዜ ይህ ተገላበጠ። የአውሮፕላን ድምፅ ሲሰማ ሰፈሩ ያላ፣ ያላ እያለ ይበተናል፤ ሀቡብ ሲነሳ ግን ዛሬ አይበርሩም ተባብለን እንተነፍሳለን። ሴቶቹ ወጥተው ውሃ ይቀዳሉ። ለአቧራ ምስጋና የሚቀርብበት ቀን አላያችሁ እንደሆነ እኔ አይቻለሁ።

ባለፈው ሳምንት በር የሌለው ቤቴን ስጠርግ ነፋሱ ቀጥ አለ። መጥረጊያውን ጣልኩና ደፉ ላይ ቁጭ አልኩ፣ ሻርፑን ራሴ ላይ አደረግኩ። ሰውነቴ ራሱ ነው ያደረገው። ጨለመ። ጆሮዬን ጣል አድርጌ ቆየሁ፤ ስሜን የጠራ የለም። ያኔ የምጠብቀው ሰው ነበር። አሁን የምጠብቀው አቧራው እስኪያልፍ ነው። አለፈ። ተነሳሁና ቤቱን እንደ አዲስ መጥረግ ጀመርኩ።