ያላነበብኩት መልስ

ጣልያን አገሩን በያዘበት ዘመን ኮልፌ ተቀምጬ መንገድ ሥራ ላይ ድንጋይ እፈልጥ ነበር። አባቴ ጉራጌ አገር ነበሩ፤ እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን። በልጅነታቸው ቤተ ክርስቲያን ስለተማሩ ደብዳቤያቸውን በገዛ እጃቸው ይጽፋሉ። የሚያመጣልኝ ቅቤ ይዞ የሚመላለስ ያገራችን ነጋዴ ነበር።

ሁለታችንም ውሸታሞች ነበርን። ገጹን በሰላምታ ሞልተን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እንልና እናሽገዋለን።

አንድ ጊዜ ግን ሰላምታ የሌለው ወረቀት መጣ። «ልጄ፣ ደህና ነኝ ማለት ሰለቸኝ። ዓይኔ እየፈዘዘ ነው። ቤቱ ጭር ብሎብኛል፤ ረስቼ እናትህን እጣራለሁ።» አባቴ እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ወጥቶ አያውቅም። አለቀስኩ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

እኔም የቆየብኝን አወጣሁ። ለእናቴ አርባ ያልሄድኩት መንገድ ተዘግቶ ነው ብያቸው ነበር። «መንገዱ ክፍት ነበር። ካቦው ከሥራ ያባርረኛል ብዬ ፈርቼ ቀረሁ። አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» ብዬ ላክሁ።

ነጋዴው ሲመለስ ፊቱ ጥሩ አልነበረም።

«ደብዳቤህን ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ሦስት ቀን አነበቡት» አለኝ። «መልሱን ሳይጽፉ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። መሪጌታው ልጻፍልዎ ቢሏቸው፣ የልጄ ጉዳይ ነው ብለው እምቢ አሉ። ራሳቸው ናቸው የጻፉት።»

ወረቀቱን ገለጥኩት። መስመር በመስመር ላይ ተደራርቧል፤ ብዕሩ ቀለም ሲጨርስም አላወቁ፣ ባዶውን ጭረውታል። ከላይ «ልጄ» የሚለውን ለየሁ። ሌላውን ብገለብጠው፣ ወደ ብርሃን ባነሳው ፊደል አልሆን አለኝ።

በማግስቱ ካቦውን ሳላስፈቅድ የይለፍ ወረቀት ልጠይቅ ሄድኩ። በዚያ በኩል ውጊያ አለ፣ ማንም አያልፍም ብለው መለሱኝ። በሌላ ቀንም ሄድኩ፣ መለሱኝ። የዋሸሁት መንገድ አሁን በእውነት ተዘጋ። ነጋዴውም መምጣቱን ተወ። መንገዱ ሲከፈት አባቴ አልነበሩም።

ወረቀቱ አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አላውቅም። ከእኔ የተሻለ ፊደል አዋቂ ላሳየው ብዬ ስንት ጊዜ ከቤት ይዤው ወጥቻለሁ፤ እየመለስኩ አስቀምጠዋለሁ። እሳቸው ከመሪጌታው የሸሸጉልኝን እኔ ለማን አሳያለሁ?