አሙ ዳርያ የሚበላት መንደር

ከሚኒያፖሊስ የተነሳሁት በመጋቢት፣ በረዶው ገና ሳይቀልጥ ነው። የባለቤቴን የዙልፊያን አባት ከኡዝቤኪስታን ላመጣ። ከዙልፊያ ጋር የተዋወቅነው ታሽከንት ስማር ነበር። የአባቷ የመግቢያ ወረቀት ተሟልቷል፤ እሷ ግን ልትወልድ ስለተቃረበች መብረር አልቻለችም። እኔ ብሉሚንግተን ከምሠራበት ሆቴል ፈቃድ ወሰድኩ።

«ብቻህን እንዳትመጣ» አለችኝ።

ወደ ወንዙ

ከታሽከንት ወደ ደቡብ በባቡር፣ ከዚያ በአሮጌ ላዳ። ሾፌሩ ዶላር ካልሆነ አልንቀሳቀስም አለ። የጥጥ ማሳው ጨው ወጥቶበት ነጭ ሆኗል። መንገድ ዳር ትኩስ ዳቦ በተጠበሰ ዓሣ በላን።

የአማቴ መንደር በአሙ ዳርያ ወንዝ ዳር ያሉ ጥቂት የጭቃ ቤቶች ናት። በመካከለኛው ዘመን ግን የሐር ነጋዴዎች ግመሎቻቸውን በጀልባ የሚያሻግሩባት ከተማ ነበረች። ከዚያ ሁሉ የቀረው አንድ የተሰበረ የመስጊድ የጡብ ሚናራ ነው። አማቴን እዚያ ሥር አገኘኋቸው። ሁሉም «አታ» ይሏቸዋል፤ አባት ማለት ነው። የምናወራው በሩስኛ ነው።

«ሞንጎሎች አቃጥለዋት ነበር» አሉኝ። «የተረፉት ተመልሰው ሠሯት። ወንዙ ግን መሬቱንም ይወስዳል። በምን ላይ ይሠራል?»

ዳርቻው በየቀኑ ይናዳል። ጎረቤቶቻቸው ለቀው ሄደዋል።

«አታ፣ የልጅ ልጅ ሊያዩ ነው። አብረን እንሂድ።»

«ሚስቴን ለማን ትቼ?»

ማምሻውን ሚናራው አጠገብ ባለው መቃብሯ ላይ ለነፍሷ ፋቲሃ ቀራን። ወንዙ ከዚያ ይሰማል።

በማግስቱ ጠዋት

አረንጓዴ ሻይ እየጠጣን መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ሮጠን ስንደርስ ሚናራው የለም። መቃብሮቹም የሉም። ቡናማ ውሃ ብቻ። አታ ወደ ጠርዙ ሲሄዱ ወገባቸውን ያዝኳቸውና አብረን ወደቅን። ድምፅ አውጥተው አለቀሱ።

ቆይቼ፣ «አሁን እንሂድ፤ እዚህ የቀረዎት ነገር የለም» አልኳቸው።

«አሁንማ እሷ ውሃው ውስጥ ናት። ከውሃው ርቄ የት እሄዳለሁ?»

ላዳው እስኪመጣ ድረስ ለመንኳቸው። ለመንገድ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ፤ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ወንዙ አዞሩ።

ቤት

ትኬትና ቅን ልብ ካለኝ ሰው ማውጣት አያቅተኝም ብዬ ነበር የሄድኩት። አቃተኝ።

በመንደሯ ስልክ የለም፤ ከታሽከንት ልደውልላት ደግሞ አልደፈርኩም፤ ስለዚህ ዙልፊያ ምንም አልሰማችም። ለአባቷ የገዛችውን ካፖርት ክንዷ ላይ አድርጋ ኤርፖርት ቆማለች። ከኋላዬ የሚመጡትን አንድ በአንድ አየች። የመጨረሻው ሰው ካለፈ በኋላ ወደ እኔ ዞረች።

«እምቢ አለ አይደል?»

«እምቢ አሉ።»

«አውቄው ነበር» አለች፣ እንባዋን እየጠረገች። «እማዬ ጋ ነው መሆን የሚፈልገው። መቃብሯን አየህልኝ?»

ስለ አባቷ የምመልሰውን መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር። ስለ መቃብሩ እንደምትጠይቀኝ ግን አላሰብኩም። ካፖርቱን ተቀበልኳትና፣ «መጀመሪያ ቁጭ በይ» አልኳት።