የጭሱ ባለቤት

ፊሽካ የሚለውን ስም ያወጡላት የአውቶቡስ ሹፌሮች ናቸው። ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችው በትልቁ መናኸሪያ ነው፤ የትኛው አውቶቡስ እንደሚገባ፣ የትኛው እንደሚወጣ የምታዘው እሷ ነበረች። ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ትዞራለች እንጂ እምብዛም አትነፋውም፤ ድምፅዋ ይበቃት ነበር። ተራውን ያልጠበቀ ሹፌር ካየች መስኮቱ ሥር ሄዳ የምታወርድበት ውርጅብኝ ተሳፋሪውን ያስቃል፣ ሹፌሩን ደግሞ ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ያሰኘዋል። ጡረታ ስትወጣ ሰብሰብ ብለው ኬክ ቆረጡላት። አንዱ ቀልደኛ፣ «እትዬ ፊሽካ፣ እንግዲህ ቤት ቁጭ ብለው ማንን ሊቆጡ ነው?» አላት።

«አይዞህ፣ የሚቆጡት ሰው አይጠፋም» አለችው።

ባሏ ሌላ ሰው ነው። በማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ሲለቅም የኖረ ዝምተኛ፣ ሲስቅ እንኳ ድምፅ የማያወጣ። የማተሚያ ቤቱ አየር ሳንባውን ጎድቶት ደረጃ ሲወጣ በየመሐሉ መደገፊያውን ይዞ ይቆማል፤ መቆሙ እንዳይታወቅበትም ግድግዳውን የሚመለከት ይመስላል። አብረው ሲኖሩ አንድም ቀን ሲቆጣ አላየችውም። «የሁለታችንንም ቁጣ አንቺ ትጨርሺዋለሽ፤ ለእኔ የሚተርፍ የለም» ይላታል።

ቤታቸው በአንድ አሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ከምድር ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ነበር። የመኝታ ቤቱ መስኮት ወደ ጓሮ ይከፈታል። ምድር ቤቱ ለረጅም ጊዜ የወንበር መጋዘን ሆኖ ስለኖረ ማንም አያስቸግራቸውም ነበር። አንድ ሰሞን ግን መጋዘኑ ተጠረገ። ግድግዳው ጥቁር ተቀባ፣ ከጣሪያው እንደ ወይን ዘለላ የተንዠረገጉ አምፖሎች ወረዱ፣ ምግብ ቤትም ተከፈተ። ይህ ምግብ ቤት ቋሚ ባለቤት የለውም። ወር በመጣ ቁጥር አንድ ወጣት ምግብ አብሳይ ይከራየዋል፣ የራሱን ስም በሩ ላይ ይሰቅላል፣ ወሩ ሲያልቅ ነቅሎ ይሄዳል። ወጣቶቹ ፖፕ-አፕ ይሉታል። ፊሽካ፣ «ብቅ ጥልቅ» ብላ ስም አወጣችለት።

የወጥ ቤቱን ጭስ የሚያወጣው ቱቦ በጓሮ በኩል ግድግዳውን ቀዶ ወጣና ልክ ከመኝታ ቤታቸው መስኮት ሥር ቆመ። እስከ ጣሪያ ቢወሰድ ማንንም ባልነካ ነበር። ግን ከመስኮቱ ጀርባ የሚኖሩት አንድ ሽማግሌና አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ማን ይጠይቃል?

የመጀመሪያው ወር ዓሣ ነበር። ትራሱ ዓሣ ሸተተ፣ አንሶላው ዓሣ ሸተተ፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ተሰቅሎ የኖረው የባሏ የክት ኮት ሳይቀር ዓሣ ዓሣ አለ። ፊሽካ ወርዳ ተናገረች። ዓሣ ጠባሹ ጨዋ ልጅ ነው፤ ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይቅርታ እናቴ፣ እኛ የወር ተከራይ ነን፤ ቱቦው የሕንፃው ነው» አላት። የሕንፃው ባለቤት የት እንዳለ የሚያውቅ የለም። ተወካዩ ግን ነበር፤ ጫማው ሹል፣ ሳቁ ዘይት የጠጣ። ምንም ነገር ቢነግሩት መልሱ አንድ ነው፦ «እናያለን።» ስሙም በእሷ ቤት እናያለን ሆኖ ቀረ።

በሚቀጥለው ወር በሩ ላይ ሌላ ስም ተሰቀለ፤ ጭሱም ሥጋ ሥጋ ይሸት ጀመር። ፊሽካ እንደገና ወረደች።

«ባለፈው ወር ተናግሬ ነበር» አለች።

«ያ እኮ ሌላ ምግብ ቤት ነው፣ እማማ» አላት አዲሱ ልጅ። «እኛ ገና መግባታችን ነው።»

«እናንተ ገና ብትገቡም ጭሱ ከገባ ሰነበተ!»

እሷ ስታስረዳ ወሩ ያልቃል፤ አዲሱ ሲገባ ነገሩ ከሀ ይጀመራል። መናኸሪያ እያለች ቢያንስ የምትቆጣው ሹፌር መሪው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃት ነበር። እዚህ ግን ንዴቷን ይዛ ስትወርድ የምታወርድበት ሰው ተቀይሮ ይጠብቃታል። ቆሽቷ አረረ።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ኢንሹራንስ ውስጥ የሚሠራ፣ ራሱን ችሎ የወጣ። ይህ ልጅ አዲስ ምግብ ቤት ተከፈተ ከተባለ አያስችለውም፤ ሳይበላ ፎቶ ያነሣል፣ በልቶ ደግሞ ያወራል። በሦስተኛው ወር አንዲት ጎበዝ ናት የተባለች ወጣት ምግብ አብሳይ ምድር ቤቱን ስትከራይ፣ ልጁ ቀድሞ ጠረጴዛ አስያዘና ለቅዳሜ ምሳ ወላጆቹን ጋበዘ። አባቱ ደክሞኛል ብሎ ቀረ።

«እማ፣ ሰው ወረፋ ይዞ የሚገባበት ቤት እኮ ነው» አላት ደረጃውን ሲወርዱ። «አንቺ በላዩ ትኖሪያለሽ!»

«በላዩ አይደለም የምኖረው፤ ውስጡ ነው።»

ለልጇ ስትል ጥርሷን ነክሳ ተቀመጠች። ጠረጴዛው ጠባብ፣ ወንበሩ መደገፊያ የሌለው፣ ሙዚቃው ከፍ ያለ። የመጣው ሰሃን እንደ አውቶቡስ ቸርኬ ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ግን አንዲት ቁራሽ ዳቦና ጫፏ ላይ ጠብ የተደረገች ቅቤ። ልጇ ስልኩን አውጥቶ በላይዋ ቆሞ ዳቦዋን ፎቶ አነሣት። አስተናጋጁ ጎንበስ ብሎ በለሆሳስ፣ «ቅቤው በፍም ጭስ የታጠነ ነው። ጭሱን ቀስ ብለው ያጣጥሙት» አላት።

ከዚህ በላይ አልቻለችም።

«ለመሆኑ የቀረው ጭስ የት ነው የሚሄደው?»

አስተናጋጁ ፈገግ አለ። «ወደ ውጭ ነው፣ እናቴ።»

«ውጭ የምትለው የኔ መኝታ ቤት ነው!»

ድምፅዋ ሙዚቃውን ሰንጥቆ አለፈ። ሹካዎች ቆሙ። ብድግ አለችና ለቤቱ በሞላ ተናገረች፦ «የምትበሉት ነገር ጣፋጭ ይሁን። ጭሱን ግን ባሌ ነው የሚበላላችሁ! ከዚህች ጣሪያ በላይ ተኝቷል፤ ሳል ስትሰሙ እሱ ነው!»

አንዲት ሴት አንገቷን ደፋች። ከጥግ ያለ ጎረምሳ ግን የቤቱ ዝግጅት መስሎት ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻት ጀመር፤ አጠገቡ ያሉትም ሳቁ። ሳቃቸው ከጭሱ ይልቅ አቃጠላት።

«እማ፣ በናትሽ፣ ሰው እያየን ነው» አለ ልጇ ፊቱ በርበሬ መስሎ።

«ይየን!» ብላ ወጣች።

ደረጃው ላይ ደረሰባት። «አንቺን የማያናድድሽ ነገር ምን አለ?» አላት። «ሰፈሩ እያደገ ነው፤ አንቺ ብቻ ነሽ የምታማርሪው።» ቤት ገብታ የባሏን ትራስ ልብስ ለወጠችና መስኮቱን በፎጣ ወተፈችው።

በሚቀጥለው ሳምንት፣ ቀትር ላይ፣ መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ነበር። ነፋሱ ወደ ሕንፃው ይመታል። ስትመለስ ባሏ መስኮቱ ሥር ወለል ላይ ተቀምጧል፤ ከንፈሩ ጠቁሯል፣ ፎጣው ተነቅሎ ወድቋል፣ እጁ ከመስኮቱ መዝጊያ ጋር ሲታገል እንደቆየ ያስታውቃል። ክፍሉ ውስጥ ከጭሱ ብዛት ሰው ከሰው አይለይም። ጮኸች፤ ጎረቤት ደረሰ፤ ተሸክመው አውርደው በጎረቤት መኪና ሆስፒታል ወሰዱት። ኦክስጅን ተደረገለት።

ሐኪሟ፣ «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ?» ብላ ጠየቀች።

«አለ» አለች ፊሽካ። «ምድር ቤቱ ያጨሳል።»

ልጇ ከሥራ እየሮጠ መጣ። አባቱን በዚያ ሁኔታ ሲያየው አልጋው አጠገብ በርከክ አለ። እሷም አልወቀሰችውም፤ ለወቀሳ የምታባክነው ንዴት አልነበራትም። በማግሥቱ አባቱን እንዲጠብቅ ትታው ወደ ቤት ሄደች።

የምሳ ሰዓት ደርሷል፣ ቱቦው እንደ ባቡር እየተነፈሰ ነው። አሮጌውን ፍራሽ ከአልጋው ሥር ጎትታ አወጣችና በመቀስ ለሁለት ቀደደችው። ጨርቅ አፏ ላይ አስራ፣ በመስኮቱ ወገቧ ድረስ ወጥታ፣ ፍራሹን ቱቦው አፍ ውስጥ ሰገሰገችው። አልገባ ያለውን በመጥረጊያ እንጨት እየደቃች አስገባችው። በእያንዳንዱ ምት አንድ ስድብ ትጨምራለች፤ ለዓሣው፣ ለሥጋው፣ ለታጠነው ቅቤ፣ ለሹሉ ጫማ።

ብዙም አልቆየ። ከታች መጀመሪያ ወንበር ሲንኳኳ፣ ቀጥሎ ጩኸት፣ ከዚያም ሳል ተሰማ። ተመጋቢው መሐረብ አፉ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን እያሸ ወደ ጓሮ ፈሰሰ። ፊሽካ መስኮቷ ላይ ሆና አየቻቸው። ደስ ይለኛል ብላ ነበር፤ ደስታው ግን አልመጣም፤ ንዴቷ እንዳለ ነው።

በሩ ተደበደበ። ስትከፍት ምግብ አብሳይዋ ናት፤ ልጅ እግር፣ ሽርጧ የጠቆረ፣ አንድ ክንዷን በእርጥብ ጨርቅ የያዘች።

«እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ!»

«ሊገድሉን ነበር እኮ! ምድጃው ላይ ነው የተደናበርኩት፤ ይኸው ተቃጠልኩ!»

«እናንተ ስትገድሉን ምንም የለም? ባሌ ሆስፒታል ነው! በናንተ ጭስ ነው!»

«የኔ ጭስ?» ልጅቷም ጮኸች። «እኔ እኮ ወጥ ቤቴ መስኮት የለውም! ቀኑን ሙሉ ስውጠው የምውል እኔ ነኝ! ቱቦው እስከ ጣሪያ ይሄዳል ተብዬ ነው የተከራየሁት!»

«ማነው ያለሽ?»

«ተወካዩ ነዋ።»

ልጅቷ በፊሽካ ትከሻ በኩል ወደ ውስጥ ተመለከተች፤ የተቀደደውን ፍራሽ፣ ባዶውን አልጋ፣ በመስኮቱ ዙሪያ ከሰል የመሰለውን ግድግዳ አየች። ፊሽካም የልጅቷን ክንድ አየች። ቁስሉ የእሷ እጅ ሥራ ነው። ይህ ሌላ ዓይነት ንዴት ለኮሰባት፤ በራሷ ላይ። ጎትታ ወደ ቧንቧው ወሰደቻትና ቀዝቃዛ ውሃ ታፈስላት ጀመር። «አትነቃነቂ!» እያለች ትቆጣታለች፤ ልጅቷም «እየተቆጡ አያክሙኝ!» ትላታለች።

እንዲህ እያሉ ተወካዩ እናያለን ደረጃውን እየዘለለ መጣ። «ፖሊስ እጠራለሁ! ንብረት ማውደም ነው ይሄ!» አለ ከበሩ ላይ ሆኖ።

ምግብ አብሳይዋ ክንዷን ከውሃው ሳታወጣ፣ «ቱቦው እስከ ጣሪያ ነው ብለውኝ አልነበር?» አለችው።

«እሱን... እናያለን።»

«ና እንይ!» አለች ፊሽካ። ክንዱን ጨብጣ መኝታ ቤት አስገባችውና ከመስኮቱ ፊት አቆመችው። ዘንበል ብላ ፍራሹን በኃይል መዘዘችው። ታምቆ የቆየው ጭስ ቡልቅ ብሎ ፊቱ ላይ ወጣ። ሊሸሽ ሲል ከኋላ ያዘችው። «የት ትሄዳለህ? ገና ነው፤ እያየን ነው እኮ!» ዓይኑ እንባ በእንባ ሆነ፣ ሳሉ አላናግር አለው። እጠራለሁ ያለው ፖሊስም አልመጣም፤ አልጠራም ነበርና።

ምግብ አብሳይዋ በዚያው ቀን ስሟን ከበሩ ላይ አወረደች። የወሯን ግማሽ እንኳ አልሠራችም። ለጓደኞቿም ነገረች መሰለኝ፣ ምድር ቤቱን የሚከራይ ሌላ ብቅ ጥልቅ ጠፋ፤ ቱቦውም ዝም አለ።

ለባሏ ግን አልደረሰለትም። ከሆስፒታል የወጣው የኦክስጅን ሲሊንደር ይዞ ነው፤ ደረጃ መውጣት ፈጽሞ ተከለከለ። ስለዚህ አብረው ያረጁበትን ቤት ለቀው ከልጃቸው ጋር፣ መሬት ላይ ካለ ቤት ገቡ። ዕቃውን ያጓጓዘው ልጁ ነው። የመጨረሻውን ሳጥን ሲያወርድ ደረጃው ላይ ቁጭ አለና፣ «እማ፣ ያን ቀን ካንቺ ጋር ብድግ ማለት ነበረብኝ» አላት። «ነበረብህ» አለችው። አላለዘበችለትም። ግን ሳጥኑን በአንድ ወገን ይዛለት ወረደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የድሮ ጎረቤቷ ደወለችላት። የእነሱ ቤት ታድሶ ለአዲስ ተከራዮች ተሰጥቷል፣ ምግብ ቤቱም ሊከፈት ነው፣ ቱቦው ደግሞ እስከ ጣሪያ ወጥቷል።

«ምን አልሽኝ?»

«ጣሪያ ድረስ ወጣ። አዲሶቹ ተከራዮች ካልወጣ አንገባም ብለው ነው አሉ።»

በማግሥቱ በዓይኗ ልታየው ሄደች። እውነት ነው፤ የሚያብለጨልጭ ቱቦ ግድግዳውን ይዞ ሽቅብ ወጥቶ፣ የእሷን መስኮት በጎን አልፎ፣ ከጣሪያው በላይ ወደ ሰማይ አፉን ከፍቷል። አንድ ሠራተኛ መሰላል ሥር ዕቃውን እየሰበሰበ ነበር።

«ይሄ ሥራ ምን ያህል ፈጀብህ፣ የኔ ልጅ?»

«የት ይፈጃል ብለው ነው፣ እናቴ? ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ነው።»

ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት። ፊሽካ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የምትጮህበት ሰው ፈለገች፤ በጓሮው ውስጥ ከምንም የማያውቀው ሠራተኛ በቀር ማንም የለም። ሠራተኛው ደንግጦ፣ «ምነው፣ አመመዎት?» አላት።

«ተናድጄ ነው» አለችው፤ እንባዋ ግን አገጯ ደርሶ ነበር።