የታንጉት ግጥም በአረጋሽ ስም

ውቢት ምስር ትለቅማለች። ሰፌዱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠጠሩን በጣቷ ጫፍ እያነሳች ትጥላለች፤ ዓይኗ ግን ፊት ለፊቷ ካለው ላፕቶፕ አይነቀልም። ኮምፒውተሩ አንድ ስም እስኪያመጣላት ድረስ እጇ ሥራ መፍታት አይወድም። በዚያ ክረምት ደባርቅ ላይ እንደ እኛ ቤት ደህና የተለቀመ ምስር የበላ ሰው ያለ አይመስለኝም።

የልጄ ልጅ ናት። ቀን ታስተምራለች፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደግሞ የለቅሶ ግጥሞችን በመጽሐፍ ታዘጋጃለች። ከጃናሞራ፣ ከዳባትና ከአዲ አርቃይ ሙሾ አውራጆች አፍ በስልኳ እየቀዳች የሰበሰበቻቸው ናቸው። እኔ የማውቃቸው ሙሾ አውራጆች የሌላ ሴት ግጥም ሲያነሱ "እገሊት እንዳለችው" ብለው ይጀምራሉ። ውቢትም ይህንኑ በመጽሐፏ ልታደርግ ፈለገች። ከእያንዳንዱ ግጥም ሥር ቁጥር አለ። ቁጥሩ ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ይልካል፤ እዚያ የገጣሚዋ ስም፣ አገሯ፣ ለማን እንዳለቀሰችም ተጽፏል። ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያገናኝላት ከምትጽፍበት ፕሮግራም ጋር ያለ መሣሪያ ነው። መሣሪያው ግን ቀርፋፋ ነበር።

"ምን እያደረገ ነው ይሄ ሁሉ ጊዜ?" አልኳት አንድ ቀን።

"እያነበበ ነው፣ እምዬ። አንድ ስም በጠየቅሁት ቁጥር ምዕራፉን ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነበዋል።"

"ውይ፣ እንደኔ ነዋ!" አልኳት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ነው፤ "ፈ"ን ለማግኘት ከ"ሀ" ተነስቼ ነበር የምወርደው።

"አንቺ እንኳ ከእሱ ትፈጥኛለሽ" ብላ ሳቀች።

ሳቋ ግን አልቆየም። አረጋሽ ዳባት ታማ ተኝታ ነበር። አረጋሽ እኩያዬ ናት፤ ከግጥሞቹ ብዙዎቹ የተቀዱት ከእሷ አፍ ነው። ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ መልሰዋታል። ውቢትን አንድ ነገር ብቻ ለምናታለች፤ "ዓይኔን ሳልከድን አንብቢልኝ። የኔው በስሜ፣ የሌላዋም በስሟ ይሁን።" መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ መሣሪያው ባትሪውን እየጨረሰ፣ ልጅቱን አልደርስላትም የሚል ጭንቀት እህል አላስበላት አለ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የመሣሪያውን ማስተካከያ ከፈተች። የተነካውን ምዕራፍ ብቻ እንዲያነብ አዘዘችው። ያነበበውን እንዲያስቀምጥ፣ ተዘግቶ ሲከፈትም ከባዶ እንዳይነሳ አደረገችው። የስሞቹንም ዝርዝር በየጊዜው እንደ አዲስ ከማሰናዳት ይልቅ ያስቀመጠውን እንዲያሳያት ነገረችው። ከዚያ ወዲያ ስሙ ገና ስትጠይቀው ከተፍ ይል ጀመር። ሰፌዱ ጥግ ተቀመጠ፤ እኔም ጠጠር መንከስ ጀመርኩ።

ወደ ዳባት ልንሄድ ስንል አዲ አርቃይ ካለች ሙሾ አውራጅ ስልክ ተደወለ፤ አንድ ግጥም ሰጠቻት። ውቢት የሴትዮዋን ስም ከዝርዝሩ መሃል ጨመረችና ላፕቶፑን አጥፍታ ቦርሳዋ ከተተችው። በሚኒባስ ወረድን።

አረጋሽ ግድግዳ ተደግፋ ጠበቀችን።

"አንቺ አሮጊት፣ አለሽ እንዴ?" አለችኝ።

"አንቺን ሳልቀብር ወዴት እሄዳለሁ?"

"ለቀብሬስ አፍሽን ዝጊልኝ። እንደ በግ ነው የምትጮሂው።"

ሳቅን። ውቢት ማንበብ ጀመረች። አረጋሽ ስሞቹን በሰማች ቁጥር ራሷን ትነቀንቃለች። ከዚያ ውቢት "አረጋሽ እንዳለችው" ብላ ይህን አነበበች፦

ዳገቱን ስወጣ ያዩኝ የነበሩ፣
ዓይኖችህ ምን ሆኑ፣ ወዴት ተሰወሩ?

አረጋሽ እጇን አነሳች። "ማን አለች?"

"እርስዎ፣ እማማ።"

"የማን ልጅ ሞቶ? ላቀው ያው ደጅ በሬ እያጠጣ ነው! ልጄን በቁሙ ቀበርሽው?" "የታንጉት ናት እንጂ። ልጇ ጨነቅ ከሚሉት ቦታ አጠገብ ገደል የገባባት፣ የጃናሞራዋ ታንጉት። የእሷን ሐዘን ለኔ ሰጠሽኝ?"

ውቢት ወደ ስሞቹ ዝርዝር ወረደች። ስሕተቱ ወዲያው ገብቷታል። አዲሱ ስም መሃል ሲገባ ከሥሩ ያሉት አንድ አንድ ደረጃ ወርደዋል፤ መሣሪያው ግን አስቀምጥ የተባለውን የቀድሞውን ቁጥር ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ በታንጉት ቁጥር ከእሷ በላይ የነበረችው አረጋሽ ገባችበት።

"ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ። ሁሉንም እንደገና ላስነብበው፤ ግን ይቆያል።"

ባትሪው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ ዳባትም መብራት የለም። "ካልሆነ ሌላ ቀን እንመጣለን" አልኩ።

"ሌላውን ቀን ማን ሰጠኝ?" አለች አረጋሽ። "ያንብብ። እጠብቀዋለሁ።"

ውቢት የስክሪኑን ብርሃን ቀነሰች። እኛ ስንጠብቅ አረጋሽ ስለ ታንጉት ታወራን ጀመር። ልጁ እናቱ ከገበያ ስትመለስ ከዳገቱ አናት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር አሉ። ነጠላዋን ከሩቅ ሲያይ እየሮጠ ወርዶ ሸክሟን ይቀበላታል። ከሞተም በኋላ ታንጉት እዚያ ዳገት ስትደርስ ቀና ማለት አልተወችም። ውቢት ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች። ይህን ሁሉ ከአረጋሽ ስትቀዳ አልጠየቀቻትም ነበር።

መሣሪያው ጨረሰ። ውቢት "ታንጉት እንዳለችው" ብላ ግጥሙን ከመጀመሪያው አነበበችው። አረጋሽ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አብራ አንቀሳቀሰች።

"አሁን ቀጥይ" አለች።

ባትሪው ሲሞት ገና ጥቂት ግጥሞች ቀርተው ነበር። እነሱን አረጋሽ ራሷ በቃሏ አለቻቸው፤ ውቢት ደግሞ በየመካከሉ የባለቤቶቹን ስም ጠራች። አንድም አልተሳሳተች።

አረጋሽ ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቆየችም። መጽሐፉ ታትሟል። ውቢት ያንን ፈጣን አሠራር አልተወችም፤ ሥራዋ ያለ እሱ አይሄድም። ነገር ግን አንዲት ገጽ እንኳ ለሰው ከመስጠቷ በፊት መሣሪያውን ሁሉንም ከመጀመሪያው ታስነብበዋለች፤ እስኪጨርስም ከፊቱ አትነሳም።

መጽሐፉ እጃችሁ ከገባ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ከግጥሙ ሥር ያለችውን ትንሽ ቁጥር አትዝለሏት። ወደ ኋላ ገልጣችሁ ስሙን አግኙትና ድምፅ አውጥታችሁ ጥሩት። የእናታችሁን ወይም የአክስታችሁን ግጥም በሌላ ሴት ስም ብታገኙትም፣ እባካችሁ በዝምታ አትለፉት፤ ለውቢት ንገሯት።