ስሜን ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች

ሦስት ሽማግሌዎች ቄራ ያለው ቤታችን ሲመጡ፣ ትልቋ ልጄ ገና ሰባተኛ ክፍል ናትና ክው አልኩ። ካዛንቺስ ሲፈርስ ወዲያና ወዲህ የተበተኑ የእድራችን ሰዎች ናቸው። ተቀመጡ ብል እምቢ፤ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ጋቢያቸውን እንደደረቡ ቆሙ።

«የላኩን አማትሽ ናቸው» አሉ ትልቁ። «ማንጠግቦሽ የሚለውን ስም ለአዲሷ ሙሽራ እንድትለቂላት ነው።»

በአማቴ አገር ወግ፣ ለሙሽራ አዲስ ስም የምታወጣው የባሏ እናት ናት። ማንጠግቦሽን ለአማቴ ያወጡላቸው የሳቸው አማት ነበሩ። ማን ይጠግብሻል፣ ማንስ ይሰለችሻል ማለት ነው፤ የተጠራችበት ሴት ከትዳሯ አትወጣም ይላሉ። አማቴ ባላቸው ሲያርፉ «ከእንግዲህ ለኔ ምን ያደርግልኛል» ብለው፣ እኔ ስዳር ሰጡኝ። መጀመሪያ እናቴ ያወጣችልኝ ስም ቀረ ብዬ አልቅሻለሁ። ኋላ ግን በቃ፣ እኔው ሆነ። ባሌ እንኳ የድሮ ስሜን መታወቂያዬን ሳያይ አያስታውስም።

አሁን ደግሞ ትንሹ ልጃቸው ጎተራ ኮንዶሚኒየም የምትኖር የባንክ ሠራተኛ ሊያገባ ነው። አማቴ አንዴ አይተዋት «ይቺ አትቀመጥም፤ ስሙ ያስፈልጋታል» ብለዋል።

«እኔስ?» አልኩ።

«ባንቺ ላይማ ሥራውን ጨርሷል አሉ። አሥራ ስድስት ዓመት፣ አራት ልጅ! ከእንግዲህ የት ትሄጃለሽ?»

ባሌን አየሁት። እሱ ጣሪያውን ያያል። ከቤቱ የተባረርኩ ያህል ሆዴ ባባ። ግን የትልቁ ሽማግሌ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ቢወድቁብኝስ? «ትውሰደው፤ እባካችሁ ተቀመጡ» አልኩ። መርቀውኝ፣ በልተው ሄዱ።

ከሠርጉ በኋላ ሙሽሪት ጓዳ ገብታ ያዘችኝ። «እትዬ ማንጠግ... ማለቴ፣ እትዬ፣ በዚህ ስም ስጠራ ዞር ማለቱ አይመጣልኝም። እማማ ደግሞ ይቆጣሉ። ምን ይሻለኛል?»

«አንቺ ዝም ብለሽ ተቀመጪ» አልኳት። «ሲጠሩሽ እኔ እሄዳለሁ።»

ይኸው እሑድ እሑድ እኛ ቤት ስንሰበሰብ፣ አማቴ ከሳሎን «ማንጠግቦሽ!» ይላሉ። ሙሽሪት ስልኳን ትነካካለች፤ እኔ ውሃ ይዤ ከተፍ። ጥርግ አድርገው ይጠጡና ቀና ብለው ያዩኛል።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?»

«ማንም» እላለሁ፣ ብርጭቆውን ተቀብዬ።