እንጉዳዩና የመኖሪያ ፈቃዴ

ከአርባ ምንጭ የወጣሁበት ዋዜማ ቤታችን በጸሎተኛ ተሞልቶ ነበር። አባቴ ከከተማው አጠገብ ጫኖ በምትባል መንደር አስተማሪ ነው፤ እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ያገለግላል። ያን ምሽት ግን ጸሎቱን ለሌሎች ትቶ ሻንጣዬን በገመድ ሲያስር አመሸ። እናቴ ደግሞ የደረቀ ሀሌኮ፣ ያው እናንተ ሽፈራው የምትሉትን፣ ከሸሚዞቼ መሀል ሸጎጠችልኝ። ጎህ ሲቀድ አውቶቡሱ ተነሳ። ኮሌጅ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ላቦራቶሪ ረዳት ነበርኩ፤ የሁለት ዓመት ስልጠና አግኝቼ ጀርመን መሄዴ ነው።

እዚያ ሁሉም ነገር በቀጠሮ ነው፣ ፀሐይዋም ጭምር። አሳው አራት ማዕዘን ሆኖ በካርቶን ይሸጣል። የጫሞ ሐይቅን አሳ ከነራሱ ለለመደ ሰው ያንን አሳ ብሎ መጥራት ይከብዳል።

የተመደብኩት የምግብ ጨረር የሚለካ ትንሽ ላቦራቶሪ ነበር። ከዓመታት በፊት ሩቅ አገር የፈነዳ የኑክሌር ጣቢያ ብናኝ ጫካቸው ላይ ስለወረደ፣ ሰዎች የለቀሙትን እንጉዳይ እያመጡ ያስመረምራሉ። ጨረር መለኪያውን ሲነካ ደካማ የኤሌክትሪክ ምት ትወጣለች። ማጉያው ያጎላታል፣ ቅርጿንም ያስተካክላል። እስክትሞላ ጊዜ ካልተሰጣት ግን አጥራ ትወጣለች፤ ያጠረችውን መሣሪያው አይቆጥራትም፣ ጨረሩም ከእውነቱ ያነሰ ይመስላል።

አንድ ቀን ማጉያውን ስፈትሽ ለምቷ የሚሰጠውን ጊዜ ከሚገባው በጣም አጥሮ አገኘሁት። አለቃዬ ሄር ኬለር ሥራው እንዲፈጥን ብሎ ቀንሶት ኖሯል፤ ከዚያ ወዲህ መለኪያውን ያመሳከረ የለም። አስተካክዬ፣ ‘ይበላል’ ያልነውን እንጉዳይ ከተረፈው ናሙና ደግሜ ለካሁ። የሚበላ አልነበረም። ‘ይበላል’ የሚለውን ወረቀት ለአንዲት አሮጊት በእጄ የሰጠሁት እኔ ነበርኩ። ለልጅ ልጆቻቸው ሊያበስሉት ነበር።

ለሄር ኬለር ነገርኩት። ሰው እንዳይደናገጥ የእንጉዳዩ ወቅት እስኪያልፍ ዝም እንበል አለኝ። እኔ ግን ያየሁትን መዝገቡ ላይ ጻፍኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ የመኖሪያ ፈቃዴን ለማሳደስ ከላቦራቶሪው የምጠብቀው የድጋፍ ደብዳቤ እንደማይጻፍልኝ ተነገረኝ።

የውጭ ዜጎች ቢሮ ስሄድ ሠራተኛዋ ሥራዬን ጠየቀችኝ። የኑክሌር ጨረር መለኪያ ማጉያ አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

«አገርዎ ኑክሌር አለ?»

«የለም። እኛ ጋ ያለው አዞ ነው።»

«አደገኛ ነው?»

«ሐይቁ ዳር ላልቆመ ሰው አይደለም።»

ሳትስቅ ጻፈችው። የሦስት ወር ማኅተም መታችልኝ።

ቤታችን ስልክ ስለሌለ በደብዳቤ ቀን ቆረጥን፤ አባቴና እናቴ ቴሌ ሄደው ስልኬን ጠበቁ። ለአባቴ ሁሉንም ነገርኩት። በመጻፌ እግዚአብሔርን አመሰገነ፤ ከፈለግክ ና፣ ክፍልህ እንዳለ ነው አለኝ። የምመለስበትን መንገድ እየተመኘሁ ስለ ማኅተሙ ማውራት ጀመርኩ።

እናቴ ስልኩን ተቀበለችው።

«ልጄ፣ አሮጊቷ ጋ ሄደህ ነገርካቸው?»

አድራሻቸው መዝገቡ ላይ ነበር። በትራም ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው።

«አልሄድኩም፣ እማዬ። ፈራሁ።»

ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። መቼ እንደምመጣም አልጠየቀችኝም። ከኋላዋ የቴሌው ሰው ተራ የደረሰውን ይጠራል።

«ዛሬ ሂድ» አለችና ስልኩን ለአባቴ መለሰችለት።