የቶላ የምሥራች

ወተቱ ገንፍሎ ያርራል። ልጄ ደረጀ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። «አይሸትህም?» አልኩት። አልሸተተውም።

ደረጀ ዲጋ ወረዳ ያስተምራል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔን ለማየት ነቀምቴ ይመጣል። የዚያን ዕለት ማታ አተኮሰው። ደረቅ ሳል ተከተለ። ውሎ አድሮ ከአልጋው እስከ በሩ ሲራመድ ትንፋሽ አጠረው። ተመረመረ። ኮቪድ ነው ተባለ።

የኮቪድ ሕሙማን ማቆያ ውስጥ አስተኙት። ቶላም በሌላ ክፍል ኦክስጅን ተደርጎለት ተኝቶ ነበር። ቶላ የጎረቤቴ የአዴ ጫልቱ ልጅ ነው፤ ከደረጀ ጋር አንድ ሜዳ ላይ ኳስ እየተጫወቱ አድገዋል። ቤተሰብ መግባት አይፈቀድለትም። እኔና አዴ ጫልቱ ከግቢው ውጭ ተራርቀን ቆመን፣ እሷ በኦሮምኛ እኔ በአማርኛ፣ አንዱን አምላክ እንለምናለን። ያኔ እኩል ነበርን።

ቶላ ዳነ።

አዴ ጫልቱ ደወለችልኝ። «የምሥራች» አለች። «ምሥር ብዪ» ማለት ነበረብኝ። አፌ እምቢ አለ። «እሰይ» ብዬ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስትደውል አላነሳም። የልጇ ሳቅ ከአጥሩ ማዶ ሲሰማኝ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሰፈሩ እሷን እንኳን ደስ ያለሽ ይላታል፤ እኔን እግዜር ይማርልሽ። እመቤቴን፣ ለምን የእሷን አስቀደምሽ አልኳት። ደረጀ በስልክ ቶላ እንዴት ነው ሲለኝም እንጃ እለው ነበር።

የደረጀ ባሰ።

ሐኪሙ ደወለ። ኒሞኒያ ሆኗል አለኝ። በደሙ ውስጥ ያለው ኦክስጅን ወርዷል። የኦክስጅኑን ማስክ ግን ያወልቀዋል። በደረትህ ተኛ ሲባልም አይሰማም። በክፍሉ ኦክስጅን የተደረገላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ሞተው አይቷል፤ ኦክስጅን የሞት ምልክት ነው ብሎ ያምናል።

«እኛን አላመነንም» አለ ሐኪሙ። «ኦክስጅን ላይ ቆይቶ ቤቱ የገባ ሰው ያውቃሉ?»

አውቃለሁ። አጥሩ ማዶ ነው።

ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። ደግሜ አነሳሁትና ተውኩት። ወጥቼ በአጥሩ ላይ ተጣራሁ። አዴ ጫልቱ መጣች። የሐኪሙን ቃል ነገርኳት።

«የደረጀ እናት፣ እኔስ ለምን የምደውልልሽ መሰለሽ?» አለች። «ቶላ ስልኩ ከነቁጥሩ ጠፍቶበት ደረጀን አገናኙኝ እያለ ነበር።»

ቶላ ጋቢውን ተከናንቦ፣ አጥሩን ተደግፎ በእኔ ስልክ ደወለለት። ድምፁን ከፍ አድርጎት እኛም እንሰማለን።

«አንተ፣ ማስኩን አወለቅክ አሉ።»

«ቶላ? የት ነህ?»

«ቤቴ። ያ የምትፈራው ማስክ ነው ያወጣኝ። በደረቴ አስተኝተውኝ እንደ እንቁራሪት ሰነበትኩ። አንተ ሜዳ ላይም እንዲህ ነህ፣ ሳይነኩህ ትወድቃለህ። አጥልቀው።»

አንድ ነገር ሲንኮሻኮሽ ተሰማን። ቀጥሎ የነርሷ ድምፅ መጣ። «አጥልቋል።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም። ጠዋት ሐኪሙ በደሙ ያለው ኦክስጅን ትንሽ ከፍ ብሏል አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ መጠኑ አንድ ቀን ሲጨምር አንድ ቀን ሲቀንስ ቆይቶ፣ ኦክስጅኑን ቀስ በቀስ እየቀነሱለት፣ በመጨረሻም አውልቀውለት፣ ደረጀ ከስቶ ግን በእግሩ እየሄደ ከበሩ ወጣ፤ አዴ ጫልቱም ከእኔ ቀድማ እልል አለች።

እግዚአብሔር ይመስገን። ሐኪሞቹን፣ ነርሶቹን፣ ያቺን ሴትና ልጇን ይባርክልኝ። ዛሬም ቶላ የሰፈራችንን ዳገት ሳያርፍ ይወጣል፤ የእኔ ልጅ መሀል ላይ ይቆማል። ሳየው ይቆጠቁጠኛል፤ አልዋሽም።

ታማሚ ያላችሁ፣ በዚያው መንገድ አልፎ የዳነ ሰው ፈልጋችሁ በራሱ አፍ እንዲነግረው አድርጉ። የሐኪሙንም ትእዛዝ አታጓድሉ። የዳነላችሁ ደግሞ፣ ጎረቤታችሁ ፊቷን ብታዞርባችሁም የምሥራቹን አትከልክሏት። ከወር በኋላ ሐኪሞቹ ባሏ የኦክስጅን ማስክ አላደርግም ካለባት አንዲት የኑኑ ቁምባ ሴት ጋር በስልክ አገናኙኝ። የልጄን መዳን ስነግራት «እህ» ብቻ አለች። ገባኝ። የባልሽን ቁጥር ብቻ ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ። ደረጀ ደወለለት።